ቪቲ በመዶሻ አይጀመርም

ሱቄን ዘግቻለሁ። ቁልፉን ለአከራዬ ያስረከብኩት ዘንድሮ የጥር ሠርግ ካለቀ በኋላ ነው። እጄ አልከዳኝም፤ ወደ ኋላ የቀረው ዓይኔ ነው። ወስፌ የነካውን ነጥብ አጎንብሶ የሚፈልግ ሰው የሌላ ሰው ጊታር ላይ መሰርሰሪያ ማንሳት የለበትም። ስለዚህ ዘጋሁ። ማንም አላስዘጋኝም።

ቁልፉን ባስረከብኩ ማግስት አንድ ጎረቤቴ መንገድ ላይ አገኘኝና፣ «ለመሆኑ ዕድሜ ልክህን እዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ ምን ስትሠራ ነበር?» አለኝ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የሬሳ ሳጥን፣ ክራር፣ ማሲንቆ እያልኩ ቆጠርኩለት። «የጊታር ማንገቻ ቁልፍም አስገባ ነበር» አልኩት። ሳቀብኝ። «እሱማ ቪቲ ማጥበቅ ነው፤ ሥራ ብለህ ትቆጥረዋለህ?» አለ።

እኔ ደግሞ ነገር ሲያናድደኝ ዝም ብዬ አልተኛም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ ሸካራ ሊሆን ይችላል። ያልጣመው ሰው በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሰው።

ለማያውቀው ልንገር። ጊታር ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ከቂጡ ላይ አንዲት ቁልፍ አለችው፤ የማንገቻው አንዱ ጫፍ እሷ ላይ ይገባል። ሌላው ጫፍ ግን መያዣ የለውም። ሰው ምን ያደርጋል? በሲባጎ ከጊታሩ ራስ ጋር ያስረዋል። ያን ጊዜ ጊታሩ ወደ ራሱ ይደፋል፤ ተጫዋቹም ጣቱን እንደ ልቡ መለዋወጡን ትቶ በግራ እጁ አንገት ሲደግፍ ይውላል። መድኃኒቱ ሁለተኛ ቁልፍ ነው። በቪቲ ተጠብቃ የምትገባውም አንገቱ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት፣ ከኋላ ወፈር ያለው ቦታ ላይ ነው። እኛ ያንን ቦታ ማጅራት ነው የምንለው። ወፍራም ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል፤ ያታልላል። የክሮቹ ጉልበት በሙሉ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ማጅራቱ ከተሰነጠቀ አንገቱ ይላቀቃል፤ ጊታሩም ለምድጃ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም።

ማጅራት የሚለውን ስም ያወጡለት ጋሽ ይርዳው ናቸው፤ አስተማሪዬ። እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ፤ እሳቸውም እዚያው ነበሩ። የኮርቻ እንጨት ይጠርባሉ፣ በር ይገጥማሉ፣ ክራር ይሠራሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ምላሳቸው መጋዝ። ከኮፍያቸው እጥፋት ውስጥ የጧፍ ቁራጭ አይጠፋም ነበር፤ ቪቲ ሲያስገቡ መጀመሪያ ጧፉ ላይ ያሹታል። እንጨት ሲቆርጡ ፍቅፋቂውን ያሸታሉ። ጠዋት ከውርጭ የገባ ጣውላ ሲያዩ እንደ እንግዳ ጥግ አስይዘው ሙቀት እስኪገባው ድረስ አይነኩትም። ሲሰረስሩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ በዚያ ሰዓት እቤታቸው እሳት ተነሣ ብትላቸው የሚሰሙህ ቀዳዳው ካለቀ በኋላ ነው።

አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ያን ልማድ እኔም እስከ መጨረሻው አልተውኩትም። ባለቤቱ ሳይጫወትበት የሙዚቃ ዕቃ አይነኩም። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ክንዱ የተሰበረ ክራር ይዞ መጣ።

«እስቲ ተጫወትበት» አሉት።

«ጋሼ፣ ተሰብሯል እኮ!»

«እንደተሰበረ ተጫወትበት።»

«ሰው ይስቅብኛላ።»

«እኔ አልስቅም። ይሄ ሽፈራው የሚሉት ከሳቀ ደግሞ አባርረዋለሁ።»

ሰውዬው እያፈረ ተጫወተ። ጋሽ ይርዳው ክራሩን አላዩትም፤ የሚያዩት የሰውዬውን ትከሻ፣ የክርኑን አያያዝ፣ ቆዳ ማንገቻው አንገቱን የት ጋ እንደሚበላው ነው። ከሄደ በኋላ፣ «ክራሩን የሰበረው ወድቆበት አይደለም። ማንገቻው አጥሮበት በክርኑ እየደገፈ ነው የሰበረው» አሉኝ። ክንዱን ጠግነው፣ ማንገቻውንም አስረዝመው ሰጡት። ያ ክራር ተመልሶ አልመጣም።

ከእሳቸው ጋር ብዙ ከቆየሁ በኋላ ደብረ ብርሃን የመንግሥት የእንጨት ሥራ ክፍል ተቀጠርኩ። ደሞዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። ሥራው የትምህርት ቤት ዴስክና የቢሮ በር ነው። ብዛት ነው የሚፈለገው። እዚያ ሁሉም ሰው ቪቲን በመዶሻ ነበር የሚጀምረው። በመዶሻ መታ መታ፣ ከዚያ በካቻቢቴ ማጥበቅ። ለጣውላ በር ችግር የለውም፤ ይይዛል። ጋሽ ይርዳው እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ከሰዉ ጋር መፍጠን ተማርኩ።

ያ ዘመን የኪነት ቡድን ዘመን ነው። የአውራጃው ቡድን የሚሰበር ዕቃው ብዙ ስለነበር፣ «ክራር የሚያውቅ አናጢ አለ» ተብሎ እኔ ተመደብኩለት። የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ታምሩ ይባላል። ካኪ ለባሽ ነው፤ እጁን ወደ ኋላ ሳያጣምር አይናገርም። አንድ የበዓል ቀን ጠዋት ከአዲስ አበባ የመጣ አዲስ ጊታር ይዞ ከች አለ።

«ጓድ ሽፈራው፣ ተጫዋቹ ቆሞ ነው የሚጫወተው። እንደ ጠመንጃ የሚነገት አድርገው።»

«ይቻላል ጓድ። ግን አይቸኩሉብኝ፤ ይደርልኝና ነገ ልስጥዎት።»

«ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰብስቦ አንተ ነገ ትለኛለህ?»

ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ጊታሩን ጭኔ ላይ አጋደምኩ። ቪቲዋን ማጅራቱ ላይ አቆምኩና እንደ ክፍላችን ልማድ በመዶሻ ጀመርኳት። አንድ ጊዜ መታሁ። ስደግም ቀጭ አለ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ የደረቀ ባቄላ እንደ መስበር። አገላብጬ ሳየው ፀጉር የምታክል መስመር ከቪቲዋ ሥር ተነሥታ ወደ ሆዱ ወርዳለች።

«ጓድ፣ ተሰንጥቋል» አልኩ።

ቀረብ ብሎ አየ። «ይህቺን ማን ያያታል?» አለና ጊታሩን ከእጄ ወስዶ ሄደ።

ሜዳው ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። ገና በሁለተኛው ዘፈን አንገቱ ከሆዱ ተላቀቀ። ተጫዋቹ በግራ እጁ አንገት፣ በቀኝ እጁ ሆድ ይዞ ቀረ፤ ክሮቹ በመሃል እንደ አንጀት ተንጠለጠሉ። የተሰበሰበው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ታምሩ ግን አልሳቀም። «አሻጥር ነው!» አለ። በዚያን ጊዜ አሻጥር የሚለው ቃል ቀልድ አልነበረም። ቀበሌ አስገቡኝ።

ይህን ደብረ ብርሃን ውስጥ የእኔ ዕድሜ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲሳለቁብኝም ኖረዋል። የማያውቁት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ጋሽ ይርዳው ወሬው ደርሷቸው ከአንኮበር በእህል መኪና ተሳፍረው መጡ። ዋስ ሆነው አስፈቱኝ። በር ላይ ስወጣ ደኅና ነህ ወይ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«ቪቲዋን በምን ጀመርካት?» አሉኝ።

«በመዶሻ ጋሼ።»

«እንግዲያው ደግ አደረጉ ያሰሩህ።»

ቡድኑ የጣለውን ስባሪ ለምነው ተቀበሉና እኔ ወደምኖርባት ክፍል ይዘውት መጡ። መስኮቱ ጋ ተቀምጠን የተሰነጠቀውን ማጅራት በብርሃን አሳዩኝ። የእንጨቱ ጅማት በአንገቱ ርዝመት ይሄዳል። ቪቲ በመዶሻ ሲገባ እንደ ሽብልቅ ነው፤ ጅማቱን ፈልቅቆ ነው ቦታ የሚያገኘው። ተሰርስሮ ሲገባ ግን ቦታው ተዘጋጅቶለት ይገባል። ጋሽ ይርዳው ጊታር ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነበር፤ እንጨት ግን እንጨት ነው።

ከዚያ የወይራ ቁራጭ ሰጡኝና ያለ መዶሻ ቪቲ አስገባ አሉኝ። መጀመሪያ በወስፌ ነጥብ፤ መሰርሰሪያው እንዳይሸሽ። መሰርሰሪያው ከቪቲው አካል ቀጠን ያለ መሆን አለበት፤ ጥርሱ የሚነክሰው እንጨት እንዲተርፍለት። መሰርሰሪያው ላይ እስከ የት እንደሚገባ ክር ጠምጥመህ ምልክት ታደርጋለህ። ቪቲውን ጧፍ ታሸዋለህ። ከዚያ በጣትህ ጀምረህ በካቻቢቴ ትጨርሳለህ፤ እንቢ ካለህ አትታገለውም፣ ትመልሰውና እንደገና ትሰረስራለህ። አስገባሁ። አወጡና እንደገና አሉኝ። ወይራው ወንፊት እስኪመስል አስገባሁ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ሲመሻሽ ተነሥተው ኮፍያቸውን አደረጉና፣ «ቪቲ ስታስገባ እንጨቱ ሊሰማው አይገባም» ብለውኝ ሄዱ።

ጋሽ ይርዳው ካረፉ ቆይተዋል። ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያስገባሁት ቁልፍ አንዱም አልወለቀም፣ አንድም ማጅራት አልተሰነጠቀብኝም። ይህን የምለው ጉራ ለመንፋት አይደለም። ደግሞስ ጉራ ቢሆን ምን አለበት? የሠራሁት ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ክፍሉ ተዘጋና የራሴን ሱቅ ከፈትኩ፤ ከገበያው አጠገብ ያለችው፣ በሯ ሰማያዊ የነበረችው። ጊታር በከተማችን እየበዛ መጣ። የመዘምራን ልጆች ያመጣሉ፣ የሠርግ ባንዶች ያመጣሉ፣ ተማሪዎች ያመጣሉ። ሁሉንም መጀመሪያ «ተጫወትበት» እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይናደዳል። አንድ ጊዜ ከሰላ ድንጋይ አንድ መምህር መጣና ጊታሩን አስቀምጦ ሊሄድ ሲል፣ «ቆይ፣ ተጫወት» አልኩት።

«እኔ ልማር ነው የገዛሁት፤ ገና አልችልም» አለኝ።

«ያዘውና ቁም፤ ሌላ አልፈለግሁም።»

ያዘው። የጊታሩ አንገት ወደ ቀኝ ዞረ። ግራኝ ነው! ዝም ብዬ ባስገባለት ቁልፏ ለእሱ በተቃራኒው ወገን ነበር የምትሆነው፤ ማንገቻው ደረቱን እየቆረጠው ይኖር ነበር። «ግራኝ መሆንህን ለምን አልነገርከኝም?» ብለው፣ «ለእንጨት ሥራ ይጠቅማል ብዬ አላሰብኩም» አለ። ስንሳሳቅ ዋልን።

አሁን ወደ መጨረሻው ሥራዬ ልምጣ፤ ሱቁን በደስታ የዘጋሁበት እሱ ነው።

ታኅሣሥ አልቆ ጥር ሲብት አንድ ሰው እያነከሰ ገባ። ደሳለኝ ይባላል። ከወለጋ ተፈናቅሎ መጥቶ ከነሚስቱና ልጆቹ እዚህ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ነው የሚኖረው። በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር አቅፏል። ሲፈታው ጊታር ነው። «ከቤቴ የወጣው እሱ ብቻ ነው ጋሼ» አለኝ። እዚያ በነበረበት አገር እርሻው እንዳለ ሆኖ በሠርግ ወቅት በጊታር ይጫወት ነበር።

«እስቲ ተጫወትበት» አልኩት። ወንበር ሰጠሁት። ተቀምጦ ቀኝ ጭኑ ላይ አስደግፎ ጀመረ። ጨዋታው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደ ውኃ ይወርዳል። ዘፈኑ ሳያልቅ ግን ፊቱ ተቋጠረና አቆመ። ለካ ሲሸሹ ገደል ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ ያለ ሐኪም ነው የገጠመው። ተቀምጦ ጊታር ካስደገፈበት እግሩ ይደነዝዛል። ቆሞ ግን ይችላል፤ መራመድም ይችላል። ቆሞ ለመጫወት ግን ማንገቻ ያስፈልገዋል።

ብሩክ የሚባል የሠርግ ባንድ ያለው ጎረምሳ አይቶት ወዶታል። «በመጪው እሁድ ሠርግ አለ፤ ከሙሽራው አጀብ ጋር እየሄድክ ከተጫወትክ ለወቅቱ ሙሉ እይዝሃለሁ» ብሎታል። በመጠለያ ለሚኖር ሰው የጥር ሠርግ ሙሉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አይገባም። እርዳታ ከመጠበቅ መገላገል ማለት ነው።

ጊታሩን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ማጅራቱ ላይ የግንብ ምስማር ተመትቶበታል! የማንገቻው ሲባጎ ምስማሩ ላይ ታስሯል። ከምስማሩም ሥር ያቺ የማውቃት ፀጉር የምታክል መስመር ወርዳለች።

«ይህን ማነው የመታው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«በምን?»

«በድንጋይ።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቅ ቀደመኝ። «እኔስ በመዶሻ ነው» አልኩት። እሱ ምን እንደምል አልገባውም። ከዚያ ነገሩን አስረዳሁት፤ ስንጥቁ ሳይሽር ቁልፍ አላስገባም፤ ምስማሩ ይውጣ፣ ኮላ ይግባበት፣ ሞርሳ ይያዘው፣ ይድረቅ። «ለእሁድ ይደርሳል?» አለኝ። «ብርዱ ከፈቀደ» አልኩት።

ምስማሩን በጉጠት ይዤ ወደ ላይ አልጎተትኩም፤ እንደ ቪቲ እያዞርኩ አለማመድኩት እንጂ። ሲወጣ ስንጥቁ አልሰፋም። ነጩን ኮላ በውኃ አቅጥኜ በምላጭ ጫፍ እያስገባሁ፣ ከሌላው በኩል በአፌ እየሳብኩ እስከ ውስጥ አደረስኩት። አዎ፣ ቀምሼዋለሁ። ቀዳዳውን በወይራ ችንካር ደፈንኩ። ሞርሳው እንዳይጎዳው የባና ቁራጭ ከግራና ቀኝ አድርጌ አጠበቅኩ። ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብሳችን፣ ለብርድ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ያ ሳምንት ውርጭ ወረደ። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ኮላ ብርድ ሲመታው እንደ ኖራ ይነጣና ይፈረካከሳል፤ አይይዝም። ቀን ቀን ጊታሩን ከነሞርሳው ፀሐይ ወዳለበት ግድግዳ እወስደዋለሁ። ማታ ሱቅ ውስጥ ልተወው? እንዴት ብዬ! ወደ ቤት ወስጄ፣ በባና ጠቅልዬ አልጋችን ላይ በእኔና በባለቤቴ በአስካለ መካከል አስተኛሁት።

«አንተ ሰውዬ» አለች አስካለ፣ «ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር እኔን እንዲህ ደግፈህ አስተኝተኸኝ ታውቃለህ?»

«አንቺ ተሰንጥቀሽ አታውቂም።»

«ወገቤን ብታየው አትልም ነበር። ደግሞ ይህ ብረቱ ጎኔን ወጋኝ!»

ሞርሳውን ነው። ብታማርርም አልወረደችም፤ እንዲያውም ሌሊት ተገልጦ እንዳይሆን ስትሸፍነው ሰምቻታለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ደሳለኝና ብሩክ አብረው መጡ። ብሩክ ስልኩን እያየ በር ላይ ቆመ። ስንጥቁ ላይ የተረፈውን ኮላ በጥፍሬ ስነካው ገና ይለመጣል።

«ነገ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ» አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ሙሽራው ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው» አለ ብሩክ። «ዛሬ ልምምድ አለን። እንዲሁ አስገቡለትና ይሂድ። ካልሆነ ለሌላ ተጫዋች መደወል ይሻለኛል፤ ቅር እንዳይላችሁ።»

ደሳለኝ ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ስጡኝ። እስከ ነገ ብቻ ይያዝልኝ፤ ከዚያ መልሼ አመጣዋለሁ።»

«ዛሬ ካስገባሁት ነገ ሙሽራው ፊት አንገቱን በእጅህ ይዘህ ትቀራለህ። አውቀዋለሁ።»

«የእኔ ጊታር ነው!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ሲጮህ የመጀመሪያው ነው። «ልጆቼ የሚበሉት እሱን ነው፤ እርስዎ አይደሉም የሚራቡት!»

«ያንተ ነው። ከሞርሳው ግን አላወጣውም።»

ብሩክ እውነቱን ነው፤ ለሌላ ተጫዋች ቢደውል የሰውዬው ወቅት በእኔ ግትርነት ሊያልፍ ነው። ግን የተሰበረ ጊታር ይዞ የቆመ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያየሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ አላዩም። ደሳለኝ ወደ ብሩክ ዞረ። «ለሌላ ሰው ከመደወልህ በፊት እስከ ነገ አምስት ሰዓት ጠብቀኝ» አለው። ብሩክ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አምስት ሰዓት» አለና ሄደ።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ደሳለኝ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል። ሰላም ተባባልን፤ የትናንቱን አላነሣንም። ሞርሳውን ፈታሁ። ማጅራቱን በሁለት አውራ ጣቴ ወደ ውጭ ገፋሁት። ኮላው ይዟል! መስመሯ ጠፍታለች ማለት ይቻላል።

ደሳለኝን አቁሜ ጊታሩን ደረቱ ላይ አስያዝኩት፤ ሚዛኑ የት እንደሚወድቅ አየሁ። ከስንጥቁ ራቅ ባለው ወገን፣ እጁን በጊታሩ አንገት ላይ ሲያመላልስ ማንገቻው እንዳይነካው አድርጌ ቦታ መረጥኩ። መነጽሬን አጠለቅኩ። አስካለ ጊታሩን ባና ላይ አጋድማ በሁለት እጇ ያዘችልኝ። ወስፌው ነጥቡን ነካ። ነጥቡ ጠፋኝ። እንደገና ፈልጌ አገኘሁት። ደሳለኝ መብራት ያለው ስልክ አለው፤ አበራልኝ። የእጅ መሰርሰሪያዬን አቆምኩ፤ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ፤ ትንፋሼን ያዝኩ። ቀስ ብዬ አዞርኩ። ፍቅፋቂው ቀጭን ሆኖ እየተጠቀለለ ወጣ፤ አልተቆራረጠም፤ እንጨቱ ደኅና ነው ማለት ነው። ክሩ ጋ ሲደርስ አቆምኩ።

ቪቲዋን ጧፍ አሸኋት። ቁልፏ እንጨቱን እንዳትበላው ከባና ክብ ቆርጬ ከሥሯ አደረግሁ። በጣቴ ጀመርኳት። ገባች። ከዚያ በካቻቢቴ ሩብ ሩብ እያዞርኩ፣ ባናው ጭምቅ ሲል አቆምኩ። አላስጨነቅኳትም። ማንም ድምፅ አልሰማም፤ እኔም አልሰማሁም። ድምፅ ከሌለ ጥሩ ነው።

ደሳለኝ ማንገቻውን አስገብቶ አነገተ። ሊከፍለኝ ኪሱን ሲዳብስ፣ «ሂድ፣ ይረፍድብሃል» አልኩት። እግሩን እየጎተተ ሮጠ።

አስካለ ነጠላዋን አንሥታ፣ «ሠርጉ የት ነው ያለው?» አለችኝ። «ምን ታደርጊዋለሽ?» ብላት፣ «ሌሊቱን ሁሉ ጎኔን የወጋኝን ነገር መጨረሻ ልየው እንጂ!» አለች። ተያይዘን ሄድን። ያልተጠራን እንግዶች ሆነን አጥር ጥግ ቆምን። ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ሙሽራውን ይዘው ወጡ፤ ደሳለኝ ከመሃላቸው ነው። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ባነከሰ ቁጥር ጊታሩ አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል፤ ራሱ ግን አይደፋም። ግራ እጁ በአንገቱ ላይ እንደ ልቧ ትሮጣለች። ብሩክ ከጎኑ ሆኖ ጥርሱን ሳይከድን ይስቃል።

በዚህ መሃል የሙሽራው አክስት ይመስሉኛል፣ ወፍራም ሴትዮ፣ እስክስታ እየወረዱ መጥተው ፊቱ ቆሙ። «በል አንተም አጨብጭብ! እጅ የለህም?» አሉት። እሱም ሁለት እጁን ከጊታሩ ላይ አንሥቶ ከራሱ በላይ እያጨበጨበ ትከሻውን ከሴትዮዋ ጋር ያወርደው ጀመር።

ሰው ሁሉ ትከሻውን ያያል፤ እልልታው ቀለጠ። አስካለም እልል አለች። እኔ የማየው ማጅራቱን ነው። ንቅንቅ አላለም።